‹መብላላት› የአይብን ሻጋታ ሥራ ይገልጻልን?

ስለ በሳል አይብ የተጻፈ የውጭ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ‹መብላላት› የሚለው ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያገለግል ይቃጣዋል። ቃሉ ከጥንስስ ቤት የመጣ፣ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ምርጫው አያስገርምም። ሆኖም የፈረንሳዩን ካማምቤር ብንመለከት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ተሸፍነው እናገኛለን።

በመጀመሪያው ደረጃ ባክቴሪያዎች ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣሉ። ይህ ኦክሲጅን የማይሻ ለውጥ ስለሆነ ‹መብላላት› ቢባል ያስማማል። ከዚያ በኋላ ፔኒሲልየም ካማምቤርቲ የተባለው ነጭ ሻጋታ በአይቡ ገጽ ላይ በቅሎ ያንኑ አሲድ በኦክሲጅን ያቃጥለዋል፤ የሚወጣውም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው። ይህ መተንፈስ እንጂ መብላላት አይደለም። የሮክፎር አይብ በመርፌ የሚበሳው በውስጡ ላለው ሻጋታ አየር እንዲደርሰው ነው። ‹ሻጋታው አይቡን ያብላላዋል› የሚለውን ያነበበ ሰው መርፌው ለምን እንዳስፈለገ ከዓረፍተ ነገሩ ሊረዳ አይችልም። (‹ሻጋታ› የብልሽት ስም ነው የሚሉ አሉ፤ ሆን ተብሎ የተዘራ መሆኑን ግን አንድ ቅጽል ይገልጸዋል።)

‹ይመገባል› ማለትም አይበቃም። ሻጋታው ፕሮቲኑን በኤንዛይሞች ሰባብሮ አሚኖ አሲዶችን ይወስዳል። በከፊሎቹ ክር መሰል አካሉን ይገነባል፤ ናይትሮጅናቸውም በዚያው ይቀራል። ላክቲክ አሲዱ እየተሟጠጠ ሲሄድ ግን አሚኖ አሲዶቹን ለጉልበት ያቃጥላል፤ ያን ጊዜ የማያስፈልገው ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። ብዙ የቆየ ካማምቤር አፍንጫ የሚሰነፍጠው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ‹ለዕድገት› እና ‹ለጉልበት› የሚሉት ሐረጎች ተለይተው ካልተጻፉ፣ አሞኒያው በትርጉሙ ውስጥ ምንጭ የሌለው እንግዳ ይሆናል። ‹ጉልበት› የተመረጠው ‹ኃይል› በፊዚክስ ሌላ ሥራ ስለያዘ ነው።

‹የበሰለ አይብ› የሚለውንም አንቀበለውም። የእኛ አይብ ከአሬራ የሚወጣው በእሳት ሞቆ ስለሆነ አንባቢው የሚታየው ድስት ነው። የቅቤ ነጋዴዎች ግን ‹ለጋ› እና ‹በሳል› እያሉ በዕድሜ ይለያሉ፤ ‹በሳል አይብ› ስንል ገበያው ያዘጋጀልንን ቃል መውሰዳችን ነው። ለድርጊቱም ከ‹ማብሰል› ይልቅ ‹በሳል ማድረግ›፣ ረዘም ቢልም፣ ይሻላል።