«ደረቅ ብስባሽ» እና «የተፈወሰ ሙጫ»፦ ስለ ጀልባ ጥገና ቃላት የቀረበ ሒስ

በአሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ ውስጥ የበሰበሰውን የሞተር ተሸካሚ እንጨት ስለ መለወጥ የሚያስረዳ አንድ የትርጉም ረቂቅ በቅርቡ ለአስተያየት ደርሶኝ ነበር። የተርጓሚው ትጋት የሚመሰገን፣ የዐረፍተ ነገሩም አካሄድ የሠመረ ነው። ይሁን እንጂ ረቂቁ እንዳለ ታትሞ በጣና ወይም በዝዋይ ዳር ለሚሠራ ጠጋኝ ቢሰጥ፣ መመሪያውን አክብሮ የጠገነው እንጨት ሞተሩን ለረጅም ጊዜ ሊሸከም አይችልም። ጉድለቱ የስያሜ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው «ደረቅ ብስባሽ» የተባለው ነው። «ድራይ ሮት» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ራሱ አሳሳች ነው፤ ደረቅ እንጨት አይበሰብስምና። እንጨት የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ርጥበት ይሻሉ፤ ርጥበቱ ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ በአብዛኛው ሥራቸውን አይጀምሩም። በጀልባው ውስጥ ውኃ በቡሎን ቀዳዳ ይሰርጋል፤ የፋይበርግላሱ ልባስ ደግሞ እንዳይወጣ ያፍነዋል። ተርጓሚው የባዕዱን ስሕተት ወደ አማርኛ ማዛወሩ ሳያንስ፣ «ብስባሽ» በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ ለተፈጥሮ ማዳበሪያ የተያዘ ቃል መሆኑን ዘንግቶታል። «ደረቁን ብስባሽ አውጣ» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሰው ጓሮውን ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሌላ ገጽ ላይ ያው እንጨት «የነቀዘ» ይባላል። ነቀዝ የነፍሳት ሥራ ነው፤ እንዲህ የተነገረው ጠጋኝ የተባይ መድኃኒት ገዝቶ ይረጫል፣ የውኃውን ቀዳዳ ግን ክፍት ይተወዋል። ይህን ልዩነት ለማጣራት በ2015 ዓ.ም ወደ ሸገር ከተማ በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ አናጢዎችንና እንጨት ነጋዴዎችን ጠይቄአለሁ። ሐይቅ ባይኖራቸውም ስለ እንጨት ያውቃሉ። «በሰበሰ»ን፣ «ነቀዘ»ንና «ምስጥ በላው»ን ከቶ አያምታቱም። በኦሮምኛ የመለሱልኝም «ቶርቶረ»ንና ምስጥ ማለት የሆነውን «ሪርማ»ን ለያይተው ነው። መዝገበ ቃላት ያላስተማረውን ሥራ አስተምሯል።

«ሙጫው እስኪፈወስ ጠብቅ» የሚለውን ባነበብሁ ጊዜ ሣቄ መጣ፤ ጥቂት ገጽ አልፎ «እስኪደርቅ» ሲል ግን ሣቁ ቀረ። ፖሊስተርም ሆነ ኢፖክሲ በኬሚካዊ ለውጥ ይጠነክራል እንጂ እንደ ጭቃ ውኃው ተኖ አይደርቅም። እንጨቱ ግን ልባስ ከመደረቡ በፊት በእርግጥ መድረቅ አለበት። ሁለቱን በአንድ ግሥ የጠራ መመሪያ፣ ማጠንከሪያ ያነሰበትን ሙጫ ፀሐይ ላይ አስጥቶ የሚጠብቅ ሠራተኛ ያፈራል። ስለዚህ ለእንጨቱ «ደረቀ»፣ ለሙጫው በመጀመሪያ «ረጋ»፣ ቀጥሎም «ጠነከረ» ቢባል ይሻላል። ወተት ሲረጋ ያላየ አንባቢ የለንም።

«የሞተር መቀመጫ»ም አላረካኝም። መቀመጫ ከላይ ያረፈበትን ክብደት ይቀበላል፤ ይህ እንጨት ግን ከዚያ ሌላ የፕሮፔለሩን ግፊትና የሞተሩን ንዝረት ወደ ጀልባው ገላ ያስተላልፋል። አዲሱ እንጨት ከገላው ጋር በተደራረበ ፋይበርግላስ ካልተዋሐደ በቡሎን ብቻ አይጸናም። ግንበኞች «ተሸካሚ ግድግዳ» እንደሚሉ ሁሉ «ተሸካሚ እንጨት» ማለቱ የሥራውን ጠባይ ይገልጻል። «ቃጫ መስታወት» የተባለው ፈጠራ ግን ፈጽሞ ይቅር፤ ገበያ ሄዶ ቃጫ የሚጠይቅ ሰው ቃጫ ይሰጠዋል። ካንዴላንና ፍሪሲዮንን የተቀበለ የጋራዥ አማርኛ ፋይበርግላስን ለመቀበል አይቸገርም።

ተርጓሚው የተሳካለት የመጨረሻው ክፍል ነው፦ የቡሎኑን ቀዳዳ አስፍቶ በስቶ፣ በወፍራም ኢፖክሲ ደፍኖ፣ ሲጠነክር በመካከሉ እንደ ገና መብሳት። «ደፈነ» እዚህ ትክክለኛ ቃል ነው። ውኃው የገባው በዚያ በር ስለ ሆነ፣ ክፍሉ ወደ መጽሐፉ መጀመሪያ ቢመጣ እመርጣለሁ።