ሐኪሙ ያላየው መንቀጥቀጥ

የሚጥል በሽታን የሚመረምር ሐኪም አንድ ትልቅ ችግር አለበት፦ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ሲነሳ እሱ ቦታው ላይ የለም። ታማሚው እፊቱ ሲደርስ ሁሉም ነገር አልፏል። የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢኢጂ እንኳ በዚያ ሰዓት ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በአብዛኛው የሚተማመነው ባየ ሰው ምስክርነት ላይ ነው።

ይህን ጥሩ አድርጎ የሚያሳይ መጽሐፍ ልጠቁማችሁ። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ አን ፋዲማን በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ነው፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «መንፈስ ይይዝሃል፣ ትወድቃለህ» እንደማለት ነው። ሞንግ የተባሉት የላኦስ ሰዎች በሽታውን የሚጠሩት እንዲህ ብለው ነው። ከእኛው «የሚጥል» ብዙም አይርቅም፣ አይደል?

ሊያ ሊ በ1982 በካሊፎርኒያ፣ መርሴድ ከተማ ከስደተኛ ወላጆች ተወለደች። በሦስት ወሯ ሕመሙ ጀመራት። ወላጆቿ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ወሰዷት፤ ሁለቴም ሲደርሱ መንቀጥቀጡ ቆሟል፣ አስተርጓሚም የለም። ሐኪሞቹ የሳንባ ኢንፌክሽን መስሏቸው አንቲባዮቲክ ሰጥተው ሸኟት። በሦስተኛው፣ በማርች 1983፣ እየተንቀጠቀጠች ደረሰች፤ ያኔ ታወቀ። ለእኔ የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች እነዚህ ናቸው። ብዙ አንባቢ ታሪኩን የባህል ግጭት አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ ግን መጀመሪያ የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው እላለሁ፦ «ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ፣ እጅ እግሯ ተንቀጠቀጠ» የሚል።

መድኃኒቱም ላይ ያው ነው። ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ ማዘዣዋ 23 ጊዜ ተለዋወጠ። እንግሊዝኛ የማይችሉ፣ ማንበብም ያልተማሩ ወላጆች ይህን እንዴት ይከታተሉት? ፋዲማን ሐኪሞቹን ክፉ፣ ወላጆቹን ግድየለሽ አታደርግም። በ1986 ሊያ ለሁለት ሰዓት ያህል ተንቀጥቅጣ አንጎሏ ክፉኛ ተጎዳ። ፋዲማን እንደምታሳየን ግን ደሟ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን እጁ ሳይኖርበት አልቀረም። «መድኃኒቱን ስላልሰጧት ነው» የሚለው ቀላል ፍርድ እዚህ ላይ ይወድቃል።

የምወቅሰው ነገር አለኝ። መጽሐፉን ስትዘጉ በሽታው መውደቅና መንቀጥቀጥ ብቻ ይመስላችኋል። አይደለም እኮ! አንዳንድ ልጅ ለጥቂት ሰከንድ አፍጥጦ ይቀራል፤ መምህሩ «በሐሳብ ነጎደ» ይላል። ሌላው አንድ እጁ ብቻ ይርገበገባል፣ ወይም የሌለ ሽታ ይሸተዋል። ዓይነቱን መለየት ደግሞ ለሕክምናው ወሳኝ ነው። ለምሳሌ ካርባማዜፒን የተባለው መድኃኒት ከአንድ የአንጎል ክፍል ለሚጀምረው ዓይነት ጥሩ ነው፤ አፍጥጦ የሚያስቀረውን ግን ሊያባብሰው ይችላል። ትክክለኛውን መድኃኒት ካገኙ አብዛኞቹ ታማሚዎች ሕመሙ ይቆምላቸዋል። ከሦስቱ ለአንዱ ያህል ግን መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ቀዶ ሕክምና ወይም ስብ የበዛበት ልዩ አመጋገብ ይሞከራል። (ክብሪት ማሽተት ለየትኛውም አይረዳም።)

አጠገባችሁ ሰው ቢነሳበት በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሰዓት ያዙ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና። መንቀጥቀጡ በየትኛው ጎን እንደጀመረ፣ ዓይኑ ወዴት እንደዞረ ልብ በሉ። ዛሬ ብዙ የነርቭ ሐኪሞች ቤተሰብ ይህን በስልክ ቀርጾ እንዲያመጣላቸው ይጠይቃሉ።