ሰርቪስ ይከራያል

ባለፈው ሰሞን ከሞጆ ወደ አዳማ በሚኒባስ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልክ ታወራለች። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን የሚኒባስ ወንበር ታውቁታላችሁ፣ የጎረቤት ስልክ የጋራ ነው። «ሰርቪስ አምልጦኝ እኮ ነው በሚኒባስ የምሄደው» አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ «ሰርቪሷ ላይ ልትጨምርብኝ ነው፤ ካልተስማማሽ ልቀቂ ብላኛለች» አለች። ከወዲያ ማዶ የምታዳምጣት ሰው ግራ የገባት አይመስልም። የመጀመሪያው ሰርቪስ የፋብሪካው አውቶቡስ ነው፤ ሁለተኛው ከአከራይዋ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል።

አዳማ ደርሼ ስወርድ የመብራት ምሰሶ ላይ በእጅ የተጻፈች ወረቀት ተቀበለችኝ፤ «ሰርቪስ ይከራያል»።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ፍጹም ተመሳሳይ የሚባሉ ሁለት ቃላት የሉም» እያልኩ አሰለቻቸው ነበር። ይቺ ቃል ግን ነገሩን ገልብጣ መጣችብኝ። አንድ ቃል ስንት ሥራ ይችላል? መኪናችን ዘይትና ፊልትሮ የምትለውጥበት ጊዜ ሲደርስ «ሰርቪስ ደረሰባት» እንላለን። ጫማችን ከርሞ ከርሞ ሲቀደድ «ብዙ ሰርቪስ ሰጥቷል» ብለን እንሸኘዋለን። ሆቴል ገብተን አስተናጋጇ ፈገግ ካለች «ሰርቪሳቸው አሪፍ ነው»፤ ሂሳቡ ሲመጣ ግርጌው ላይ ሰርቪስ ቻርጅ አለ። የመንግሥት ሠራተኛው ሲቪል ሰርቪስ ነው፤ ማለዳ የሚወስደውም ሰርቪስ፣ ማታ የሚያድርበትም ብዙ ጊዜ ሰርቪስ።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ ቃሏን አላሳረፏትም። የቤተ ክርስቲያን ጸሎታቸው ሰርቪስ ነው፤ ውትድርናው ሰርቪስ ነው፤ ከነሲኒው ከነማንቆርቆሪያው የተሟላ የሻይ ዕቃ ሰርቪስ ይባላል፤ የቴኒስ ተጫዋቹ የመጀመሪያ ምትም ሰርቪስ ነው። አማርኛ ይህን ሁሉ ለያይቶ ያስቀምጣል፤ አገልግሎት፣ ግልጋሎት፣ መስተንግዶ፣ ጥገና፣ ቅዳሴ፣ ግዳጅ። ተማሪ ሆነን «ተመሳሳዩን ምረጡ» ስንባል በአንድ ረድፍ እንደረድራቸው ይሆናል እንጂ፣ ቄሱ መስተንግዶ ላይ ናቸው፣ መካኒኩ ይቀድሳል የሚል ሰው የለም።

እኔ የባዕድ ቃል በሰማ ቁጥር ደረት ከሚመታው ወገን አይደለሁም። ጠረጴዛን ከግሪክ፣ መኪናን ከጣሊያን ወስደን ኖረናል፤ አማርኛም አልሞተም። አዳማ የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ በኦሮምኛ «ታጃጂላ»፣ በአማርኛ «አገልግሎት»፣ በእንግሊዝኛ «ሰርቪስ» ይላል፤ ሦስቱም ጎን ለጎን ተከባብረው ይኖራሉ። ጠቤ ከጓሮዋ ክፍል ጋር ነው። እዚያ ላይ ሰው በየትኛውም ቋንቋ ቢያወራ የሚጠራት ሰርቪስ ብሎ ነው።

የቃሏ ሥር ላቲን ነው፤ ሴርቩስ፣ ማለትም ባሪያ። እንግሊዞች ያቺን ክፍል በሙሉ ስሟ ሲጠሯት የአገልጋዮች መኖሪያ ይሏታል። ያስቀይማል፤ ግን ቢያንስ ሰው እንዳለባት ይናገራል። እኛ ጋ ስትደርስ «መኖሪያ» የሚለው ወደቀ፤ ሥራው ብቻ ቀረ። ደላላ «ጂ ፕላስ ዋን ከነሰርቪሱ» ሲለን ከነአጥሩ፣ ከነውኃ ታንከሩ እንዳለን ያህል ነው የምንሰማው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ሕጉም አብሮን ይንሸራተታል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኛን ቅጥር በግል አገልግሎትነት ፈርጆ ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንደሚወስንበት ብቻ ይጠቅሳል። ከዚያ መለስ ያለው የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እሱም ስለ ቤት ሠራተኞች ያሉት አንቀጾች ከጣት ቁጥር አያልፉም። ሠራተኛ ብለን እንጠራታለን፤ የሠራተኛ አዋጅ ሲመጣ «አገልግሎት» ሆና ትወጣለች።

አሁን ደግሞ ተከራዩ ተለውጧል። የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩና ከየትንንሹ ከተማ ለሥራ የሚመጡ ልጆች ማረፊያቸው ይቺው የጓሮ ክፍል ናት። ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ ሻሸመኔ ብትወርዱም ያው ነው። ዲግሪ የያዘውም፣ አዲስ ሙሽሮችም ሰርቪስ ውስጥ ይኖራሉ። የማንም አገልጋይ አይደሉም፤ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። አከራይም ስሙን ተከትላ ነው መሰለኝ እንግዳ አታምጡ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም፣ ልብስ በሳምንት አንዴ ነው የሚታጠበው ትላለች። ቤት ላከራየችው ሰው እንዲህ ማለት ይከብዳት ነበር፤ ሰርቪስ ላከራየችው ግን አይከብዳትም።

እኔስ? የኔም ጓሮ ሰርቪስ አለው። ልጆቻችንን ያሳደገችልን ልጅ ስምንት ዓመት ኖራባታለች። ማታ ማታ ትማር ነበርና አንድ ቀን እራት አቅርባ ስታበቃ፣ «ጋሼ፣ ሰርቪስ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። «አገልግሎት ማለት ነው» አልኳት፣ አስተማሪነቴ እየተሰማኝ።

«ታዲያ እኔ የምተኛው አገልግሎት ውስጥ ነው?»

ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ዛሬ የራሷን ኑሮ ትኖራለች፤ ለዓመት በዓል እየመጣች ትጠይቀናለች። ጥያቄዋን ግን እስካሁን አልመለስኩላትም። ቤትህ ስንት ክፍል ነው ያለኝን ሁሉ፣ «ሦስት መኝታና ሳሎን፣ አራት ነው» እያልኩ ነው የኖርኩት። ስምንት ዓመት ሰው ያደረባትን ክፍል አንድም ቀን ቆጥሬያት አላውቅም።

ለአዳማ አከራዮች የምለው ብዙ አይደለም። ምሰሶው ላይ የምትለጥፉት ወረቀት «አንድ ክፍል ቤት ይከራያል» ቢል ምን ይጎድልበታል? ኪራዩ እንደማይቀንስ አውቃለሁ። የእኔም ቤት አምስት ክፍል ነው።