መኃልየ መኃልይ በግዕዝ፤ ከንባብ ቤት እስከ ትርጓሜ ቤት

ጥንታዊ የፍቅር ቅኔ በተጻፈበት ልሳን ይጠና ወይስ ትርጉሙ ይበቃል የሚለው ክርክር ለላቲን መምህራን ብቻ የሚተው አይደለም። የፕሮፐርቲየስና የኦቪድ የፍቅር ስንኝ ስድስትና አምስት ምት እያፈራረቀ የሚሄድ ስለሆነ፣ ትርጉም አሳቡን ቢያደርስ አካሄዱን አያደርስም። በድጓ ምስክርነቱ በታወቀው በቤተ ልሔም አገር፣ በጋይንት፣ ይኸው ጥያቄ በመኃልየ መኃልይ ላይ ይነሣል።

መጽሐፉ በልማድ ከመዝሙረ ዳዊት ጋር በአንድ ጥራዝ ይጻፋል፤ ዮሐንስ ፖትከን በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተመው ዳዊትም ይዞታል። ስለዚህ የንባብ ቤቱ ልጅ የሙሽራውንና የሙሽራዪቱን ቃል ፍቺውን ሳያውቅ ያነበንበዋል። ሰዋስው በቅኔ ቤት፣ ምሥጢሩ በትርጓሜ ቤት ይጠብቀዋል። ከዚያ ሳይደርስ የሚቀረው ተማሪ ግን ድምፁን ይዞ ፍቺውን ያጣል። በአንጻሩ በዐማርኛ ብቻ የሚያነበው ፍቺውን ይዞ ሌላ ነገር ያጣል። ግዕዝ ለብዙ ወንዶች «አንትሙ»፣ ለብዙ ሴቶች «አንትን» ሲል ዐማርኛ ለሁለቱም «እናንተ» ይላል፤ ሙሽራዪቱ የኢየሩሳሌምን ቈነጃጅት ስታምል ሰሚዎቹ ሴቶች መሆናቸውን በግዕዙ ግሡ ራሱ ይናገራል።

እርግጥ ግዕዙም ከጽርእ የተመለሰ ነው። ቢሆንም ዜማውም አንድምታውም የቆሙት በእርሱ ላይ ነው።

ይህን ልዩነት ለማሳየት የቅኔ ቤት ዓመታት አያሻም፤ ሁለቱን ንባብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የሚጽፍ መምህርና አንድ የትምህርት ሰዓት ይበቃል።