የአይስላንድ ከ21 ዓመት በታች ቡድን

የአይስላንድ ከ21 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 የወቅቱን የአውሮፓ ሻምፒዮን ጀርመንን በራሱ ሜዳ አስተናግዶ 4 ለ 1 ረታ። ሕዝቧ ያኔ 350 ሺህ ለማይሞላ አገር ይህ ድንቅ ገድል ነበር። ቀጥሎ ስኮትላንድን በደርሶ መልስ፣ ሁለቱንም ጊዜ 2 ለ 1 አሸንፎ በ2011 ዴንማርክ ላይ ለተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና አለፈ። በቤላሩስና በስዊዘርላንድ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ አዘጋጇን ዴንማርክን ግን 3 ለ 1 አሸንፎ ከምድቡ ተሰናበተ።

ልጆቹ ያደጉት ጨለማና ነፋሻ በሆነው ክረምት በሚያሠሩ ባለ ጣሪያ ሜዳዎች፣ ፈቃድ ባላቸው አሠልጣኞች እጅ ነው። ሕፃናትን ጭምር ለሠለጠነ ባለሙያ መስጠት ከሁሉ በላይ የሚደነቅ ውሳኔ ነው። በ2016 የዋናው ቡድን አምበል አሮን ጉናርሰንም ሆነ አገሩ በአውሮፓ ዋንጫ ያስቆጠረችውን የመጀመሪያ ጎል ፖርቱጋል ላይ ያገባው ቢርኪር ብያርናሰን ከዚሁ ቡድን የወጡ ናቸው።