«ጠፋች» ወይስ «ተፋች»?

ማይክ ሊገዛ የመጣ ሰው ሱቁ ውስጥ ሄድፎኑን ያጠልቅና «ቼክ፣ ቼክ» ብሎ ፊቱ ይፈካል። «እንዴት ጥርት ይላል!» ይህች «ጥርት» የምትባል ቃል ስንቱን አክስራለች። ርካሽ ኮንደንሰር ማይክ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ማማሩ የታወቀ ነው፤ ሙሉ ዘፈን ሲቀዳበት ግን እያንዳንዷ «ሰ» ጠጠሩ ሳይለቀም እንደተሠራ ምስር ታሳቅቃለች።

ስለ ክፍሉ፣ ስለ ፖፕ ፊልተሩና ስለ ገመዱ እዚህ አይወራም። ይህን ያላወቀ ገና ስቱዲዮ አይግባ።

ርካሹ ማይክ «ሰ»ን የሚያፏጭበት ምክንያት አለው። የጀርመኑ ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ዩ67 ማይክ ውስጥ ያለው ካፕሱል ከተፈጥሮው ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል፤ ጀርመኖቹ ግን ትርፉን በማይኩ ሰርኪዩት መልሰው ያለዝቡታል። ካፕሱሉን የኮረጁ ብዙ ርካሽ ማይኮች ማለዘቢያውን ትተውታል። ገዢው «ጥርት» ያለው ያንኑ ትርፍ ነው።

መዘዙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፉጨቱን ለመግደል ዲኤሰር ይጫናል፣ በላዩ ደግሞ ኮምፕረሰር። ጀማሪው 1176 በተባለው ኮምፕረሰር ላይ (ወይም ሶፍትዌሩ ላይ) የአታክ ቁልፉን 7 ላይ ያቆመዋል፤ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ቀስ የሚል መስሎት። በዚህ ዕቃ ግን ፈጣኑ 7 ነው፤ በ20 ማይክሮሰከንድ ውስጥ ጨምድዶ ይይዛል። የሚቀጠቀጡት እነ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ናቸው፤ ጉሮሮ ተዘግቶ ሲለቀቅ በምትፈጠር ቅጽበታዊ ፍንዳታ የሚኖሩ ድምፆች። ፍንዳታዋ ስትደፈጠጥ «ጠ» ወደ «ተ» ትጠጋለች። ዘፋኙ «ፍቅሬ ጠፋች» ብሎ ያለቅሳል፤ ቅጂው «ተፋች» ይላል። ቀጂው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «አሁን ወፈረ!» ይላል።

እንግዲህ መመዘኛው ይኸው ነው፦ ሙዚቃው ይዘጋ፣ ድምፁ ዝቅ ይበል፣ ግጥሙን የማያውቅ ሰው የሰማውን ይጻፍ። ሁለት «ጠ» ከሳተ ቅጂው ይደገም። ይግባኝ የለውም።

ፉጨቱን ከመነሻው መቀነስም ይቻላል፤ የካሴት ዘመን ቀጂዎች ዘፋኙን ፊቱን ከማይኩ ትንሽ ዘወር ያስደርጉት ነበር፤ ብዙው ፉጨት እዚያው ይቀራል። የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊዲንም ውድ ኮንደንሰር ሞልቶለት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1982 ለወጣው «ትሪለር» የማይክል ጃክሰንን ድምፅ የቀዳው በሹር ኤስኤም7፣ ለስርጭት ጣቢያዎች በተሠራ ዳይናሚክ ማይክ ነው። ኮምፕረሰር አይወድም ነበር። ማይክል ሲዘፍን እየጨፈረ ጣቱን ያጮኻል፣ እግሩን ይመታል፤ ስዊዲን ይህን ሁሉ ማጽዳት ሲችል እንዲያውም ከእግሩ ሥር ኮምፔንሳቶ አነጠፈለት።