የአዲስ ሕዋስ መወለድ ለትውስታ መታደስ ማስረጃ ነውን?

«የአዋቂ ሰው አንጎል አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት ይፈጥራል፤ ስለዚህ የደከመ ትውስታ ሊታደስ ይችላል» የሚለው አስተያየት ከምርምር ገጾች አልፎ ለሕሙማን እስከሚሰጥ ምክር ደርሷል። የአባባሉ የመጀመሪያ ክፍል ማስረጃ አለው። ሁለተኛው ግን «ስለዚህ» በምትለው ቃል ላይ ብቻ የቆመ ነው።

አልትማንና ዳስ እ.ኤ.አ. በ1965 በአይጦች ሂፖካምፐስ ከውልደት በኋላ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚፈጠሩ ሲገልጹ ብዙ ተቀባይ አላገኙም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ኤሪክሰንና ባልደረቦቻቸው፣ በሕይወት ሳሉ የሕዋስ መከፋፈልን የሚያመለክት ንጥረ ነገር የተሰጣቸውን የካንሰር ሕሙማን አንጎል ከሞት በኋላ መርምረው ይኸው በሰውም እንዳለ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ስፓልዲንግና ባልደረቦቿ በካርቦን 14 ልኬት በእያንዳንዱ ሂፖካምፐስ በቀን 700 ያህል አዳዲስ ሕዋሳት እንደሚጨመሩ ገመቱ።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 የሶሬልስ ቡድን በአዋቂዎች ምንም አዲስ ሕዋስ አለማግኘቱን ሲያስታውቅ፣ በዚያው ዓመት የቦልድሪኒ ቡድን እስከ እርጅና እንደሚቀጥል ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የስፔን ጥናት ናሙናው በፎርማሊን ዓይነት ማቆያ ውስጥ ብዙ ሲቆይ የአዲስ ሕዋሳት ምልክት እንደሚጠፋ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በአዋቂዎች የሚከፋፈሉ እናት ሕዋሳት ተገኙ፤ መጠናቸው ግን ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል።

የትውስታው ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት አዲስ ሕዋስ እንዳይፈጠርባቸው የተደረጉ አይጦች ተቀራራቢ ቦታዎችን መለየት ተስኗቸዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ሌላ ጥናት፣ ትምህርት ከወሰዱ በኋላ አዳዲስ ሕዋሳት የበዙላቸው አይጦች ቀድሞ የተማሩትን ረስተዋል። አዲሱ ሕዋስ ነባሩን የነርቭ ትስስር ስለሚለውጥ፣ ለአዲስ ትምህርት የሚረዳው ያው ሂደት የቆየውን ሊደመስስ ይችላል። በአልዛይመር ሕሙማን አዳዲስ ሕዋሳት አንሰው መገኘታቸውም የበሽታው መንስኤ ይሁን ውጤቱ ከሞት በኋላ በሚደረግ ቆጠራ አይለይም።

እንግዲህ አባቱ የመርሳት በሽታ ይዞት የመጣ ቤተሰብ «እንዲህ ብታደርጉ አዲስ ሕዋስ ያበቅላል» ቢባል፣ የሚሰጠው ተስፋ ከማስረጃው ቀድሞ የሮጠ ይሆናል። ቤተሰቡም ባለው ጥቂት ገንዘብ ፍቱንነቱ ያልታወቀ መድኃኒት ሊገዛ ይችላል። የእግር ጉዞን ለመምከር የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በቂ ምክንያት ናቸው። የጤና ባለሙያው አስቀድሞ ሊፈልጋቸው የሚገቡት በሕክምና ሊሻሻሉ የሚችሉት ምክንያቶች ናቸው፤ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት። እነዚህን ለማከም የአዲስ ሕዋስ ቆጠራ ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም።